የጳጳሳትን ወዳጅነትና ጠብ ከደብዳቤያቸው እንዴት እንደምናወጣ

ለመጀመር የሚመቸው በአምስተኛው መቶ ዘመን በሶርያ የቂርሆስ ከተማ ጳጳስ የነበረው ቴዎዶሪጦስ ዘቂርሆስ ነው፤ ወደ 230 የሚጠጉ ደብዳቤዎቹ ተርፈዋል። የምንሥለው ሰዎቹ ነጥብ፣ ደብዳቤዎቹ ነጥቦቹን የሚያያይዙ መስመሮች የሆኑበት ሥዕል ነው፤ ሁሉንም በአንድ ሥዕል አታጭቁ። ሁለት ዘመን ለዩ፦ ከ431 እስከ 435 እና ከ447 እስከ 451 (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። በመካከሉ፣ በ433፣ በክርስቶስ ባሕርይ ክርክር የተጣሉት ቄርሎስ ዘእስክንድርያና ዮሐንስ ዘአንጾኪያ ታርቀዋል፤ ዘመኑ ከተደባለቀ ባላንጣና ወዳጅ አይለዩም።

ሠንጠረዡ ስድስት ዓምድ ይበቃዋል፦ ላኪ፣ ተቀባይ፣ ዓመት፣ ጉዳይ፣ ክብደት (በሥዕሉ ላይ የመስመሩ ውፍረት)፣ ምንጭ። ስሙን ከነመንበሩ ጻፉ። ዮሐንስ በየሀገሩ ሞልቷል፤ ሁለት ዮሐንሶች አንድ ነጥብ ላይ ካረፉ ያልነበረ ድልድይ ይሠራላችኋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክብደቱ ላይ ነው። «እግዚአብሔርን ለሚወደው» የሚለው አጠራር የደብዳቤ ወግ ነው፤ የፍቅር ማስረጃ አይሆንም። የበዓል ሰላምታ ብቻ ከሆነ 1፣ ምልጃ ወይም የሰው አደራ ካለበት 2፣ ስለ ሃይማኖት አቋም እንዲይዝ ወይም በጉባኤ እንዲቆምለት ከጠየቀ 3 ስጡ። ጠብ በሌላ ቀለም ይሁን፤ ከወዳጅነት ላይ አይቀነስም።

የጉባኤ ፊርማን ለብቻው ያዙ። ቄርሎስ በ431 የኤፌሶንን ጉባኤ ሲከፍት ቴዎዶሪጦስ ያለበት የአንጾኪያው ወገን ገና አልተሟላም፣ ዮሐንስም መንገድ ላይ ነበር፤ ዮሐንስ ከቀናት በኋላ ሲደርስ ወገኑ የራሱን ጉባኤ አደረገ። ስለዚህ ከዝርዝሩ መቅረት ብቻውን ተቃውሞ አይደለም። መፈረምም እንዲሁ፦ በ449 ኤፌሶን ላይ ከፈረሙት አንዳንዶቹ ከሁለት ዓመት በኋላ በኬልቄዶን ጉባኤ ላይ «ባዶ ወረቀት ላይ ተገደን ነው» ብለዋል። ማምለጫም ሊሆን ይችላል፤ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አድርጉ።

ሥዕሉ ሲያልቅ ቴዎዶሪጦስ መሐል ላይ ይቀመጣል። አትደነቁ፤ መዝገቡ የእሱ ነው። እሱን አውጡትና የቀሩት እርስ በርስ መያያዛቸውን እዩ፤ ነጥቦቹ ከተበተኑ የሣላችሁት የሶርያን ጳጳሳት ሳይሆን አንድን ሰው ነው። ወፍራም መስመርም ሁልጊዜ ቅርበት አይደለም። በ448 ንጉሠ ነገሥቱ ከሀገረ ስብከቱ እንዳይወጣ ሲከለክለው ቴዎዶሪጦስ በአካል መሄድ የማይችልበት ሁሉ፣ ወደ ሹማምንትም ጭምር፣ ደብዳቤ አበዛ።

ለሌላው፣ ለቄርሎስ ወገን፣ የአባቶች ጽሑፎች ስብስብ የሆነው የግእዙ መጽሐፈ ቄርሎስ ይጠቅማል፤ ከቄርሎስ ጋር የቴዎዶጦስ ዘዕንቆራን ስብከት ጭምር ይዟል። ይህን «አብሮ የተጠረዘ» በሚል ሰባተኛ ዓምድ አስገቡት፤ ያሰባሰባቸው ኋላ የመጣ እጅ ነውና ከ1 በላይ አትስጡት።