ልስን ሲሰነጠቅና ሲሚንቶ ሲያጥር፦ ከአሸዋ የሚመጡ ችግሮችና መፍትሔያቸው

ልስን በተሰነጠቀ ቁጥር ወቀሳው የሚያርፈው በሲሚንቶው ወይም በግንበኛው ላይ ነው። ይሁን እንጂ በልስን ውስጥ ትልቁን መጠን የሚይዘው አሸዋ ስለሆነ፣ ምርመራው ከአሸዋው ቢጀመር ብዙ ድካምና ወጪ ይቀራል።

አሸዋ የሚያሰኘው የቅንጣቱ መጠን እንጂ የማዕድኑ ዓይነት አይደለም፤ በግንባታ ሥራ ከ4.75 እስከ 0.075 ሚሊ ሜትር ያለው ቅንጣት አሸዋ ይባላል። በብዙ አገር ዋና ማዕድኑ ኳርትዝ ነው። ከስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ ከላንጋኖ አካባቢ፣ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣው አሸዋ ውስጥ ግን ከእሳተ ገሞራ የተገኘ፣ ቀለል ያለና ውሃ የሚመጥ ቅንጣት ይገኛል።

ልስኑ በቀጫጭኑ ይሰነጠቃል፤ በእጅ ሲዳሰስም ይቦናል

በአብዛኛው መንስኤው ከአሸዋው ጋር የመጣ አፈር ነው። ደቃቁ አፈር የአሸዋውን ቅንጣት ስለሚለብሰው ሲሚንቶው አይጨብጠውም፤ ተጨማሪ ውሃም ስለሚጠይቅ፣ ልስኑ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። አንድ እፍኝ እርጥብ አሸዋ በመዳፍዎ አሽተው ይጣሉት፤ በእጅዎ መስመሮች ውስጥ ቡናማ ጭቃ ከቀረ አሸዋው ያጠራጥራል ማለት ነው። ለማረጋገጥ በጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ጨው የተጨመረበት ውሃና አሸዋውን አድርገው በደንብ ይናጡትና ለሦስት ሰዓት ያህል ሳይነኩ ያስቀምጡት። አሸዋው ከታች ይዘቅጣል፣ አፈሩ በላዩ ይነጠፋል። የአሸዋው ቁመት 10 ሴንቲ ሜትር ሆኖ የአፈሩ ንጣፍ ከ6 ሚሊ ሜትር ከበለጠ፣ የኢትዮጵያ ደረጃ ከሚፈቅደው 6 በመቶ አልፏል፤ መታጠብ ወይም መመለስ አለበት። ናሙናውን ከክምሩ አናት ብቻ ሳይሆን ከሆዱም ይውሰዱ።

አሸዋውን በደረቁ መንፋት በቂ መስሎ የሚታያቸው ብዙዎች ስለሆኑ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ፦ ወንፊት ጠጠሩንና ሥራሥሩን ይለያል እንጂ በቅንጣቱ ላይ የተጣበቀውን አፈር አያወጣም፤ የሚያወጣው ውሃ ነው። የተለሰነውን ግድግዳ በመዶሻ እጀታ ቀስ ብለው እየመቱ ያዳምጡ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ክፍል እስከ ብሎኬቱ ተፍቆ፣ ግድግዳው ውሃ ጠጥቶ፣ በታጠበ አሸዋ እንደገና ይለሰን።

በሳጥን ተለክቶም ሲሚንቶው ከታሰበው በፊት ያልቃል

ስርቆት ከመጠርጠር በፊት የአሸዋውን እርጥበት መመልከት ይገባል። በቅንጣቶቹ ዙሪያ የሚይዘው ስስ የውሃ ሽፋን ቅንጣቶቹን ስለሚያራርቃቸው፣ ዝናብ የነካው አሸዋ ከ20 እስከ 30 በመቶ፣ ደቃቅ ከሆነም ከዚያ በላይ ሊያብጥ ይችላል። ሳጥኑ የሞላ ይመስላል፤ በውስጡ ያለው አሸዋ ግን ያነሰ ስለሆነ ድብልቁ ሲሚንቶ ይበዛበታል፣ ሥራውም ያጥራል። የሚገርመው ነገር፣ አሸዋው በውሃ ከተጥለቀለቀ እንደገና ወደ ደረቅ መጠኑ ይመለሳል፤ መለኪያውም ይኸው ነው። በባልዲ ውስጥ 24 ሴንቲ ሜትር የነበረ እርጥብ አሸዋ በውሃ ተጥለቅልቆ ሲጠቀጠቅ 20 ከሆነ፣ እብጠቱ 20 በመቶ ነው፤ ስለዚህ በ3 ሳጥን ፋንታ 3.6 ሳጥን ይሰፈራል። ልኬቱ ከዝናብ በኋላ በየጊዜው ሊደገም ይገባል።

ድብልቁ ቶሎ ይደርቅና ለሥራ ያስቸግራል

ቀላሉ የእሳተ ገሞራ ቅንጣት የድብልቁን ውሃ እየመጠጠ ነው። ውሃ በላይ በላዩ መጨመር ኮንክሪቱን ያደክመዋል፤ ይልቅ አሸዋው ከመደባለቁ በፊት ውሃ ጠጥቶ እንዲጠነፈፍ ያድርጉ፤ ሲሰፍሩትም ከላይ የተገለጸውን እብጠት አይርሱ።

ግድግዳው ላይ ነጭ ዱቄት ይወጣል

ከአሸዋው፣ ከሲሚንቶው ወይም ከመሬት እርጥበት የመጣ ጨው ሊሆን ይችላል። በልስን ላይ ከሆነ በደረቁ ጠርጎ የእርጥበቱን መግቢያ መዝጋት ይበቃል። ብረት ባለበት ኮንክሪት ውስጥ ግን ክሎራይድ ያለው ጨው ብረቱን ስለሚያዝገውና ኮንክሪቱ ከጠነከረ በኋላ በቀላሉ ስለማይወጣ፣ ጨዋማ ሊሆን የሚችል አሸዋ ሳይታጠብ ለዓምድም ሆነ ለወለል አይግባ።