ሕፃኑ በየትኛው ክንድ ነው?

ጅማ፣ ሂርማታ፣ አያቴ ሳሎን ውስጥ ምስለ ፍቁር ወልዳ፣ ማለትም እመቤታችን ልጇን አቅፋ የምትታይበት ሥዕል፣ ተሰቅላለች። ሥዕል ማየት የጀመርኩት ከሥሯ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆችን ሥዕል አስተምራለሁ። መጀመሪያ የምነግራቸው ስለ ኒኮሎ ብራንካሊዮን ነው።

ሰውየው የቬኒስ ሠዓሊ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ወደ አገራችን መጥቶ እዚሁ ቀረ። የአገራችን ሰው መርቆሬዎስ አለው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲያገኘው፣ እዚህ ከኖረ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። አትሮንሰ ማርያም በምትባል ቤተ ክርስቲያን እመቤታችንን ሕፃኑን በግራ ክንዷ አቅፋ ስለሣላት ሁከት ተነሣ ተብሎ ይተረካል። ግራ ለእንዲህ ያለ ክብር አይሆንም ነው ነገሩ። ይሄ በደንብ ይገባኛል። አያቴ ሲኒ በግራ እጄ ስቀበላት «በቀኝህ!» ትለኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያኗ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት ስለተቃጠለች ያንን ሥዕል ማየት አንችልም። ቤታችን ያለውን ግን ማየት እንችላለን።

ሥዕሉ ፊት ቁሙና ትራስ እንደ ሕፃን እቀፉ። የእሷ ግራ ክንድ ለእናንተ በቀኝ በኩል ነው የሚታየው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል፤ ትራሱ ያስተካክለዋል።

ሥዕሉ ከስልክ የመጣ ከሆነ አትቸኩሉ። አንድ ተማሪዬ ከቴሌግራም ያወረደውን ይዞ መጥቶ «በቀኝ ክንዷ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ጠጋ ብለን ጽሑፉን አየነው። ፊደሎቹ በመስታወት እንደሚታዩ ዞረዋል። ፎቶው ተገልብጦ ነበር። ጽሑፍ ከሌለው የሚባርከውን የሕፃኑን እጅ እዩ፤ ቀኙ መሆን አለበት።

ከዚያ የደብተር መሸፈኛ ላስቲክ ሥዕሉ ላይ አንጥፉና በማርከር ክንዶቹንና ጣቶቹን ብቻ ተከትላችሁ ሥሩ። ፊቱን ተዉት፤ ፊት ልብ ይሰርቃል። ላስቲኩን ሌላ ምስለ ፍቁር ወልዳ ላይ ስትደርቡት የትኞቹ ከአንድ መነሻ እንደተቀዱ መታየት ይጀምራል።

ግራ ክንድ ስላያችሁ ብቻ ግን «የመርቆሬዎስ ነው» እንዳትሉ። እጆቿ ከፊት ተደራርበው፣ ሁለት የቀኝ ጣቶቿ ተዘርግተው፣ በግራ እጇ መሐረብ ከያዘች፣ ሕፃኑም መጽሐፍ ካለው፣ መነሻው ሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለው ሥዕል ነው። ቅጂዎቹን ያመጡት ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ናቸው፤ የእኛ ሠዓሊዎችም ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በየመልኩ ሣሉት። ደግሞ ሁሉንም ለፈረንጅ አትስጡ። መርቆሬዎስ ከመምጣቱ በፊት፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ ፍሬ ጽዮን የሚባል ሠዓሊያችን እመቤታችንን ይሥል ነበር። ልጆቹ ይሄን ስም ሳይዙ ወደ ቤት አይሄዱም።

የአያቴን ሥዕል ባለፈው ክረምት በላስቲክ ሠራኋት። ማርከሬ የግራ እጇ ጣቶች ጋ ሲደርስ አንዲት ትንሽ ነጭ ጨርቅ ወጣች። እስከዚያ ቀን ድረስ የቀሚሷ እጥፋት ትመስለኝ ነበር።