ወላጆች፣ ልጅን በእግዜር ማስፈራራት ይብቃን (ሌሎችም የሰለቹኝ ስህተቶች)

እዚህ ጎንደር ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ክፍል ነው የማስተምረው። ዝም ብዬ ከርሜ ነበር አሁን ግን በቃኝ፣ ተናግሬ ልገላገል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ እግዚአብሔርን ማስፈራሪያ ማድረግ ነው። "እግዜር ይቆርጥሃል"፣ "እግዜር ምላስሽን ያደርቀዋል"፣ "ቆይ ሚካኤል ሰይፉን ይዞ ይመጣልሃል"። ወጥ ደፋ፣ እግዜር። የቤት ሥራ አልሠራም፣ እግዜር። ኧረ ምን ነካችሁ? አባትየው መቆጣት ሲሰለቸው ሥራውን ለእግዚአብሔር አስረክቦ እንደ ሰፈር ፖሊስ ያዞረዋል። እዚሁ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ይዘው የሚመጡትን ታዝቤያለሁ፣ አንዳንዱ ገና ከመግባቱ ልጁን ጎትቶ በእሳት የተከበበው ዲያብሎስ ሥዕል ጋ ነው የሚያቆመው፣ "አየህ፣ የሚዋሽ ልጅ እዚህ ነው የሚገባው" እያለ። ቀና ቢል እኮ ጣሪያው ሙሉ የመላእክት ፊት ነው፣ ዓይናቸው ትልልቅ፣ ልጆች ሲያዩዋቸው ይስቃሉ፣ "ይሄኛው እኔን ነው የሚያየኝ" ብለው ይጣላሉ። ከመቅደሱ በር በላይ ስቅለቱ አለ፣ ሥላሴ አሉ። ምናለ ከዚያ ብትጀምሩ?

አንዲት ልጅ ነበረች፣ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ትንሽ ወንድሟ ታሞ ሆስፒታል ገባ። ልጅቷ ጭጭ አለች፣ መዝሙር የለ ጨዋታ የለ። ብዙ ለምኛት ጆሮዬ ላይ "በፍልሰታ እንቁላል በልቻለሁ" አለችኝ። ገባችሁ? በእሷ ሂሳብ ወንድሟን ያሳመመችው እሷ ናት፣ እግዜር እሷን ለመቅጣት ሕፃኑን መታው። ይሄን ማን አስተማራት? ቤቷ ነዋ። ዮሐንስ 9 ላይ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ኃጢአት የሠራው እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ሲጠይቁ ጌታ እሱም አይደለም ወላጆቹም አይደሉም ነው ያላቸው። አነበብኩላት፣ ግን እንዲህ ያለ ፍርሃት በአንድ ንባብ አይወጣም፣ ልጁ ድኖ ቤት ከገባ በኋላ እንኳ ባሳለ ቁጥር ትደነግጥ ነበር።

"ታዲያ ልጅ ፈሪሃ እግዚአብሔር አይኑረው ወይ" የሚል አይጠፋም። ይኑረው እንጂ! ግን ቁጣውን ራሳችሁ ተቆጡ፣ ለሱም ኤፌሶን 6፥4 ላይ "አባቶች ሆይ፣ ልጆቻችሁን አታስቆጡአቸው" ተብሎ ልክ ተበጅቶለታል። ጭራሽ አለመቆጣትም ጥፋት ነው፣ ካህኑ ዔሊ ልጆቹ የመሥዋዕቱን ሥጋ እየነጠቁ ሲያስቸግሩ በአፉ ብቻ ተናግሮ ተዋቸው፣ መጨረሻቸውን ታውቁታላችሁ፣ ሁለቱም በአንድ ቀን ሞቱ።

ሌላው "እግዚአብሔር ስላለ ምንም አንሆንም" ማለት። ሌሊት ተኩስ ሲሰማ ልጅን አቅፎ እንዲህ ማለት ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፣ አንጀቴንም ይበላዋል። ግን ሲነጋ ጎረቤት ድንኳን ከተተከለ ልጁ ምን ይበል? በ2012 ጥምቀት ፋሲል መዋኛ የእንጨቱ መቀመጫ ተደርምሶ ሰው ሲሞት "ታቦት ባለበት እንዴት?" ብለው የጠየቁኝ ልጆቹ ናቸው፣ ትልልቁ ሰውማ ጥያቄው ሆዱ ውስጥ እያለ ዝም ብሏል። ዳዊት "በሞት ጥላ መካከል እንኳ ብሄድ አንተ ከእኔ ጋር ነህና ክፉን አልፈራም" ነው ያለው፣ በጥላው ውስጥ አላልፍም አላለም። "እኔም ፈርቻለሁ፣ እግዚአብሔር አብሮን አለ፣ ና አብረን አባታችን ሆይ እንበል" በሉት። ልጅ ይሄን ይችለዋል፣ የማይችለው የተበላሸ ተስፋ ነው።

ክርስትና አባት በኪስ መምረጥም አለላችሁ። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ትጠመቃለች፣ እሰየው፣ ግን ለእረፍት ከውጭ የመጣ ባለገንዘብ ዘመድ ተፈልጎ ሀብል ያስራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል። ልጁ አድጎ ጫት ቤት ሲገኝ ማን ይጠራ? ክርስትና አባት ሃይማኖቱን የማስተማር አደራ ያለበት ሰው ነው፣ ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት ይሽጥ ግድ የለም፣ የሚጸልይ፣ ልጁን መንገድ ላይ ሲያጠፋ ጆሮውን የሚይዝ ሰው ፈልጉ።

ጾም ውድድር አይደለም። "የእትዬ እገሊት ልጅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆያለች" እያላችሁ ሕፃን አታሳቅቁ፣ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፣ የታመመ ልጅ ደግሞ ይብላ።

ልጅን ሰንበት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጥሎ ቡና ለመጠጣት መሄድ፦ እኛ በሳምንት ሁለት ሰዓት ነው ያለን፣ የቀረው የናንተ ነው።

ያደገ ልጅ ሲያጠፋ መርገም፣ ይሄ ደግሞ በኛ አገር ከባድ ነው። አንዲት እናት ልጇ በሱስ ቢያስቸግራት "የጠባኸው ጡት ይፋረድህ" ብላ አስወጣችው፣ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ገባ። እሷ ቁስቋም ማርያም ሄዳ "ልጄን መልሽልኝ" እያለች ታለቅሳለች፣ ሲደውል ግን ስልኩን አታነሳም! አንሺው እንጂ እናቴ። ሉቃስ 15 ላይ አባትየው ልጁን ገና ሩቅ ሳለ አይቶ ሮጦ ነው ያቀፈው፣ እንደ ሞያተኛህ አድርገኝ ሊል ያዘጋጀውን ንግግር እንኳ አላስጨረሰውም።

በመጨረሻ፣ ቅዳሴ ላይ ዝም እንዲል ብላችሁ ካርቱን ከፍታችሁ ስልክ አታስይዙት። ካለቀሰ ይዛችሁ ወጣ በሉና ተመለሱ። ከሮጠም ይሩጥ፣ የሚገለምጣችሁን ሰው እኔ አናግረዋለሁ።