ለቲዩብ አምፕሊፋየር የማይሆን ትራንስፎርመር እንዴት ይታወቃል?

ቤት ውስጥ የተሠራ ቲዩብ አምፕሊፋየር ድምፁ አልጥም ሲል መጀመሪያ የሚወቀሰው ቲዩቡ ነው። ቲዩብ ይቀየራል፣ ካፓሲተር ይቀየራል፣ ድምፁ ግን ያው ነው። ከስፒከሩ በፊት ያለውን አውትፑት ትራንስፎርመር የሚጠረጥር ጥቂት ነው። ለምሳሌ የምወስደው ኢኤል84 የተባለውን ቲዩብ አንድ ብቻ የሚጠቀም፣ 5 ዋት ገደማ የሚሰጥ አምፕሊፋየር ነው። ይህ ቲዩብ በ250 ቮልት፣ በ48 ሚሊአምፔር ሲሠራ 5,000 ኦም አካባቢ ጭነት (ኃይሉን የሚያሳርፍበት መቋቋም) ይፈልጋል።

ድምፁ አቅም የለውም፣ ከፍ ሲደረግ ይሻክራል

እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የዙር ጥምርታው ነው። ትራንስፎርመሩ ላይ 5,000 ኦም ተብሎ ቢጻፍም በውስጡ 5,000 ኦም የለም። የሽቦው ዙር 25 ለ1 ከሆነ 25 በራሱ ተባዝቶ 625 ይሆናል፤ ያ በ8 ኦም ስፒከር ሲባዛ 5,000 ይመጣል። በዚያው ላይ 4 ኦም ስፒከር ብትገጥሙ ቲዩቡ የሚያገኘው 2,500 ነው። ለ4 ኦም ስፒከር የተሠራ የአሮጌ ሬዲዮ ትራንስፎርመር ላይ 8 ኦም ሲገጠም ደግሞ ጭነቱ በእጥፍ ያድጋል።

በቴስተር ለክቶ “ግማሽ ኦም ብቻ አሳየኝ፣ ሾርት ሆኗል” ብሎ ደህናውን ትራንስፎርመር የጣለ ሰው አውቃለሁ፤ ዛሬም ያሳዝነኛል። ቴስተር በኦም የሚለካው የሽቦውን የራሱን መቋቋም ብቻ ነው። ጥምርታውን ለማወቅ ትራንስፎርመሩን ከአምፕሊፋየሩ ፍቱት፣ ከሌላ ትንሽ ትራንስፎርመር 6 ቮልት ኤሲ ለፕራይመሪው (በቲዩቡ በኩል ላለው ጥቅል) ስጡ፣ ሰከንደሪውን (በስፒከሩ በኩል ያለውን) ለኩ። 0.24 ቮልት ካነበባችሁ 25 ለ1 ነው። አደራ፣ 6 ቮልቱን በሰከንደሪው በኩል እንዳታስገቡ፤ በሌላው ጫፍ 150 ቮልት ይወጣል።

ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከ220 ወደ 9 ቮልት በሚያወርድ ተራ የመብራት ትራንስፎርመር ነው። ወረቀት ላይ ያምራል፤ 220 ለ9 ሲካፈል 24.4፣ በ8 ኦም 4,780 ይሰጣል። ነገር ግን 9 ቮልት የሚባለው ሙሉ ጭነት ሲኖርበት ነው። የኔን ያለ ጭነት ስለካው 10.6 ቮልት ነበር። በዚህ ሲሰላ ጭነቱ 3,400 ገደማ ሆነ። ስለዚህ የተጻፈበትን አትመኑ፣ ለኩት።

ባስ የለም፣ ድምፁ ይነፋነፋል

በአንድ ቲዩብ አሠራር 48 ሚሊአምፔሩ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በፕራይመሪው ያልፋል። ሽቦው የተጠቀለለበት ብረት ክፍተት ከሌለው በዚህ ብቻ በማግኔት ይጠግባል፣ ለባሱ የሚተርፍ አቅም አይኖረውም። የፑሽፑል (ሁለት ቲዩቦች እየተፈራረቁ የሚሠሩበት) ትራንስፎርመር ይህ ችግር የለበትም፣ የሁለቱ ቲዩቦች ጅረት እርስ በርሱ ይጣፋል። ለዚያ የተሠራውን ግን ለአንድ ቲዩብ መግጠም አይሆንም። ስትገዙ ለአንድ ቲዩብ የተሠራ መሆኑንና ስንት ሚሊአምፔር እንደሚችል ጠይቁ።

የመብራት ትራንስፎርመርን ግን ማስተካከል ይቻላል። ስስ ብረቶቹ የኢ እና የአይ ፊደል ቅርጽ አላቸው፤ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ እየተፈራረቁ ይደረደራሉ። የመጀመሪያውን ብረት ማውጣት ከባድ ነው፤ ቫርኒሹ አጣብቆታል። በስስ ቢላ ጠርዙን እያላቀቃችሁ ቀስ በሉ፣ ሽቦውን እንዳትነኩ። ከዚያ የኢዎቹን ሁሉ በአንድ አቅጣጫ አስገቡ፣ አይዎቹን በአንድ ላይ ከኢዎቹ ፊት ለፊት አድርጉ፣ በመካከላቸው አንድ ቅጠል ተራ ወረቀት አኑሩና አጥብቁት። የወረቀቱ ውፍረት 0.1 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ እየሰማችሁ አስተካክሉ። ክፍተቱ ሲሰፋ ኢንዳክታንሱ (ጥቅሉ የጅረትን ለውጥ የመቋቋም አቅሙ፣ በሄንሪ የሚለካው) ስለሚወርድ ወረቀት መደራረብ አይጠቅምም። በ5,000 ኦም ጭነት 10 ሄንሪ ያለው ፕራይመሪ 80 ኸርዝ ላይ ኃይሉ በግማሽ ይወርዳል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ነውና ለእሱ 20 ሄንሪ ያስፈልጋል። ለዚህ ትልቅ ብረትና ብዙ ዙር ግድ ነው፤ ከባድ ትራንስፎርመር ዋጋው የሚወደደውም ለዚህ ነው።

ፊድባክ ሲገናኝ ይጮኻል

ፊድባክ ከአውትፑቱ ጥቂት ድምፅ ወደ ኋላ የሚመልሰው መስመር ነው። የሰከንደሪውን ሁለት ሽቦዎች አቀያይሩ፣ ብዙውን ጊዜ በዚህ ያበቃል። ካላበቃ ፕራይመሪና ሰከንደሪው ተፈራርቀው አልተጠቀለሉም ይሆናል፤ ፊድባኩን ቀንሱ።

ያለማቋረጥ ያጉረመርማል

ሻሲውን (ዕቃዎቹ የሚታሰሩበትን ቆርቆሮ) ከመብሳታችሁ በፊት ለአምፕሊፋየሩ ኃይል የሚሰጠውን የመብራት ትራንስፎርመር ብቻ አብሩ፣ የአውትፑቱ ሰከንደሪ ላይ የጆሮ ማዳመጫ አገናኙ፣ አውትፑቱን እያዞራችሁና እያራቃችሁ ስሙ። ብዙ ጊዜ 90 ዲግሪ ሲዞር ጸጥ ይላል። ጸጥ ባለበት ምልክት አድርጉ።

ድምፅ ጠፋ፣ በቲዩቡ ውስጥ ስሱ ሽቦ ቀላ

ወዲያው አጥፉ። ፕራይመሪው ተበጥሷል፤ ፕሌቱ (ጅረቱን የሚቀበለው የቲዩቡ ክፍል) ቮልት ሲያጣ ጅረቱ ሁሉ ወደ ስክሪኑ (ወደዚያ ስስ ሽቦ) ስለሚሄድ ነው የሚቀላው። ካፓሲተሮቹ ከተራገፉ በኋላ ፕራይመሪውን በኦም ለኩት፤ ደህናው ጥቂት መቶ ኦም ያሳያል። ጥቅሉ የሚበጠሰው አምፕሊፋየሩ ያለ ስፒከር ድምፅ ተሰጥቶት ሲሠራ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ቮልቱ ያሻቅብና በጥቅሉ ውስጥ ብልጭታ ይዘላል። አዲሱን ስትገጥሙ ስፒከር መሰኪያው ላይ 100 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር በቋሚነት በይዱበት።