ሞኒተሩ ተበላሸ ከማለታችሁ በፊት

ደብረ ብርሃን ላይ ኮምፒውተር መጠገን ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። «ስክሪኑ ሞቷል» ተብሎ ከሚመጣልኝ ሞኒተር ብዙው አልሞተም። ወይ ገመዱ ላልቷል፣ ወይ ሴቲንጉ ተዛብቷል፣ ወይ ደግሞ ገና ከመንገድ ሲመጣ ተጎድቷል። ባለቤቱ ግን አዲስ ሊገዛ ብር ማሰባሰብ ጀምሯል። ይኼ ያሳዝነኛል። በእኛ አቅም ሞኒተር ተራ ዕቃ አይደለም። ስለዚህ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ፖርቶ መጋላ ላይ መጫን

አብዛኞቻችን ሞኒተር የምንገዛው አዲስ አበባ ነው። ከዚያ ላምበረት መናኸሪያ፣ ከላምበረት ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደብረ ብርሃን። ወደ ደብረ ሲናም፣ ወደ መሐል ሜዳም የሚቀጥል አለ። ሞኒተሩ ፖርቶ መጋላ ላይ ይወጣል። ረዳቱ ከላዩ ጆንያ ይደርብበታል። እዚያው አለቀለት።

ጠፍጣፋ ስክሪን ማለት ሁለት ስስ መስታወቶች ናቸው፤ በመሃላቸው ፈሳሽ ክሪስታል አለ። ከውጭ ምንም ሳይታይበት ከውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስታበሩት ቀለም የፈሰሰበት ይመስላል፣ ወይም የሸረሪት ድር የመሰለ መስመር ይወጣበታል። ይኼ አይጠገንም። ፓኔሉን መቀየር ደግሞ ዋጋው ሌላ ሞኒተር ከመግዛት ብዙም አይርቅም።

በራሱ ካርቶንና በራሱ ፎም ይጓዝ። ካርቶን ከሌለው ወፍራም ብርድ ልብስ ይበቃል። የከተማችን ብርድ ልብስ ወይም የመንዝ ባና ካላችሁ ከዚያ የተሻለ መጠቅለያ አላውቅም። ስክሪኑ ላይ ጠንካራ ካርቶን አድርጉበት፣ ከዚያ ጠቅልሉት፣ አቁማችሁም ከእናንተው ጋር ያዙት። አጋድማችሁ ላዩ ላይ ዕቃ አትደርቡበት። ለአንድ ወንበር ተጨማሪ ከፍሎ አጠገብ ማስቀመጥ እንኳ ያዋጣል።

ቤት ሲደርስም እግሩን ስትገጥሙለት አልጋ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፉና በፊቱ በቀስታ አስተኙት። ስታነሱት ጠርዙን ያዙ። በአውራ ጣት ስክሪኑን ተጭኖ ማንሳት ብዙ ሞኒተር ገድሏል።

ከብርድ አውጥቶ ወዲያው ማብራት

ሰሜን ሸዋ ላይ ይኼ ስህተት ከሌላው አገር ይበልጥ ይጎዳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነች። ጣርማ በርን አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ሸዋ ሮቢት ከዚያ ግማሽ እንኳ አትሞላም። ጠዋት ውርጭ ውስጥ የነበረ ሞኒተር እኩለ ቀን ላይ ሙቀት ውስጥ ይገባል።

ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ ላብ ሲያወጣ አይታችሁ የለም? ሞኒተሩም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ ላቡ ከውስጥም፣ ቦርዱ ላይም መሆኑ ነው። አንድ ወዳጄ በኅዳር ሌሊት በፒክአፕ ጀርባ ጭኖ ሸዋ ሮቢት አወረደ። እንደደረሰ ሰካው። አንድ ጊዜ ቋ አለ፣ ከዚያ የተቃጠለ ሽታ መጣ። ስከፍተው የኃይል ቦርዱ ላይ የውሃ ነጠብጣብ ምልክቱ ገና አልጠፋም ነበር።

መፍትሔው ትዕግሥት ብቻ ነው። ከመጠቅለያው ሳታወጡ ሁለት ሦስት ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ይቆይ። ከዚያ ፍቱት። እርጥበት ካያችሁበት እስኪደርቅ አትሰኩት።

የጠዋቱን ጨለማ እንደ ብልሽት መቁጠር

ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ጠዋት ጠዋት «ስክሪኔ ደበዘዘ» የሚል ስልክ ይበዛብኛል። የቆዩ ሞኒተሮች ከጀርባቸው ያለው መብራት ቀጭን ፍሎረሰንት ነው። ፍሎረሰንት በብርድ ቶሎ አይደምቅም። ፈሳሽ ክሪስታሉም ሲቀዘቅዝ ይዘገያል፤ ማውሱን ስታንቀሳቅሱ ጥላ የሚከተለው የሚመስላችሁ ለዚህ ነው።

ስህተቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሰው ብራይትነሱን 100 ያደርሰውና እዚያው ይተወዋል። ረፋድ ላይ ክፍሉ ሞቅ ሲል ስክሪኑ እንደ ፓውዛ ያበራል፣ ማታ ዓይን ይቆጠቁጣል። 15 ወይም 20 ደቂቃ ስጡት፣ ራሱ ይመለሳል። ኤልኢዲ መብራት ያላቸው አዲሶቹ ወዲያው ይደምቃሉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላም ቀላ ብሎ ደብዝዞ ከቀረ ግን የጀርባ መብራቱ አርጅቷል ማለት ነው።

ፊደሉ እንዲተልቅ ሬዞሉሽን መቀነስ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም በላይ የማየው ስህተት ይኼ ነውና።

አንዲት እናት አሉ። ማመልከቻ እየጻፉ፣ ፎቶ ኮፒ እያነሱ ልጆች ያሳደጉ። አንድ ቀን ጠሩኝና «ዓይኔ ደከመ፣ መነጽር ልቀይር ወይስ ስክሪኑን?» አሉኝ። ቁጭ ብዬ አየሁት። ባለ 19 ኢንች ሞኒተር ነው። የራሱ ሬዞሉሽን፣ ማለትም ወደ ጎንና ወደ ታች ያሉት ነጥቦች ብዛት፣ 1440 በ 900 ነው። እሳቸው ግን፣ ወይም ቀድሞ የነካካው ልጅ፣ 1024 በ 768 አድርጎታል።

ጠፍጣፋ ስክሪን ላይ የነጥቦቹ ቁጥር ከፋብሪካ የተወሰነ ነው። ሌላ ቁጥር ስታዙት አንዱን ነጥብ ከጎረቤቱ ጋር እያደባለቀ ይዘረጋዋል። ፊደሉ ይተልቃል፣ ግን ይደበዝዛል። እንግሊዝኛ ሲሆን እንደምንም ይነበባል። የእኛን ፊደል ግን ተመልከቱት። ሉና ሊን የሚለያቸው አንዲት ጭረት መሃል ላይ መሆኗ ወይም ግርጌ ላይ መሆኗ ነው። ነና ኘን የሚለያቸው አናት ላይ ያለች ሰረዝ ነች። ቡና ቢም እንደዚያው። ያቺ ጭረት ስትደበዝዝ ዓይን ቀኑን ሙሉ እየገመተ ይውላል። እትዬም ሲገምቱ ነው የከረሙት።

ሌላም ጣጣ አለው። 1024 በ 768 ጠበብ ያለ ቅርጽ ነው፤ ስክሪኑ ደግሞ ሰፊ ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር ወደ ጎን ይለጠጣል። ስካን ያደረጉት ክብ ማህተም እንቁላል ይመስላል። እሳቸው ፎቶው የተበላሸ መስሏቸው ሊያስተካክሉት ወደ ጎን ያጠቡታል። ሲታተም ደግሞ የባለጉዳዩ ፊት ይቀጥናል። ባለጉዳይ ተጣልቷቸው ያውቃል።

ያደረግኩት ይኼን ነው። ዴስክቶፑ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ከዚያ ዲስፕሌይ ሴቲንግስ፣ ከሬዞሉሽን ዝርዝር ውስጥ «ሪኮመንድድ» የሚል የተጻፈበትን መረጥኩ። ፊደሉ አነሰ፣ ግን እንደ ምላጭ ጠራ። ከዚያ እዚያው ገጽ ላይ ስኬል (የፊደሉ መጠን) የሚለውን 125 በመቶ አደረግኩት። ዎርድ ላይ ደግሞ ኮንትሮልን ይዘው የማውሱን ጎማ ወደፊት ሲያሽከረክሩ ገጹ እንደሚተልቅ አሳየኋቸው። ይኼ የሚታየውን ብቻ ያተልቃል፤ የሚታተመውን አይነካም። ኒያላ የሚባለው የአማርኛ ፎንት በ 12 ቀጭን ነው፣ በ 100 በመቶ እያዩ ቀኑን ሙሉ መጻፍ ለማንም ይከብዳል።

ትንሽ ዝም ብለው አዩና «ልጄ፣ እስከ ዛሬ ጉም ውስጥ ነዋ የጻፍኩት!» አሉ። መነጽሩም አልተቀየረ፣ ስክሪኑም።

የእናንተን ሞኒተር ትክክለኛ ቁጥር ካላወቃችሁ ከካርቶኑ ወይም ከማኑዋሉ ላይ ታገኙታላችሁ። ብዙዎቹ 22 ኢንቾች 1680 በ 1050 ወይም 1920 በ 1080 ናቸው፤ አብዛኛው 24 ኢንች 1920 በ 1080 ነው። ቁጥሩ ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ ከሌለ ብዙ ጊዜ የግራፊክስ ድራይቨሩ፣ ማለትም ምስል የሚያወጣውን ክፍል የሚያሠራው ፕሮግራም፣ አልተጫነም ማለት ነው። ኮምፒውተር ፎርማት ከተደረገ በኋላ ይኼ በጣም ያጋጥማል። ጥፋቱ የሞኒተሩ አይደለም።

ገመዱን መርሳት

ስክሪኑ ድንገት ሮዝ ወይም ቢጫ ከሆነ መጀመሪያ ገመዱን ነቅላችሁ እዩ። ሰማያዊው ቪጂኤ ገመድ ውስጥ አንዲት መርፌ ከታጠፈች ወይም ካልነካች አንዱ ቀለም ይጠፋል። ስትሰኩት በጉልበት አትግፉ፣ ሁለቱንም ብሎኖች በጣት እሰሩ። ምስሉ ወደ ጎን ከሸሸ ሞኒተሩ ላይ «አውቶ» የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ኮምፒውተሩም ሞኒተሩም ኤችዲኤምአይ ካላቸው ግን ቪጂኤውን ተዉት፣ ጽሑፉ ይበልጥ ይጠራል።

«ኖ ሲግናል» ካለ ሞኒተሩ ደህና ነው፤ የሚነግራችሁ ምስል አልደረሰኝም ነው። የግራፊክስ ካርድ የተጨመረበት ኮምፒውተር ከሆነ ገመዱን ካርዱ ላይ ሰኩት፣ ከላይ ያለው የማዘርቦርዱ ቀዳዳ ላይ አይደለም።

መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ሳይነቅሉ መተው

የሞኒተሩን ጀርባ አንብቡ። ብዙዎቹ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል አለ። እንዲህ የሚል ሞኒተር የመብራቱ ኃይል ቢቀንስ ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው መብራት ሄዶ ሲመለስ በድንገት የሚመጣው ኃይል ነው። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ንቀሉ። ሲመጣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ አምፖሉ ከፍ ዝቅ ማለቱን ሲያቆም ሰኩ። ሥራችሁ በኮምፒውተር ከሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ ትንሽ የሚያቆይ ዕቃ) ግዙ፤ ሞኒተሩንም እዚያው ላይ ሰኩት። ሲፒዩው በርቶ ሞኒተሩ ከጠፋ ሥራችሁን ሴቭ የምታደርጉበት መንገድ የላችሁም።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ መብረቁን ታውቁታላችሁ። ነጎድጓድ ስትሰሙ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ከግድግዳው ንቀሉት። ዩፒኤስም ስታቢላይዘርም መብረቅን አይመክትም።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ የሶኬቱ ሦስተኛ እግር ዲቫይደሩ ውስጥ አልገባ ሲል የሚሰብር ሰው አለ። ያ እግር የመሬት ሽቦ ነው፤ ለሕይወታችሁ የተቀመጠ። አትስበሩት። ሁለተኛ፣ አዳፕተር ያለው ሞኒተር ከሆነ «ስሰካው ገባ» ብላችሁ የሌላ ዕቃ ቻርጀር አትጠቀሙ። አንዱ 12 ቮልት፣ ሌላው 19 ቮልት ይሰጣል፤ ጫፋቸው ግን ሊገጥም ይችላል። ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ ከድሮው ያላነሰ፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩም አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

ዳንቴሉና በረኪናው

ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ያምራል። ሞኒተር ላይ ግን እየሠራ ሳለ አታልብሱት። ከላይና ከኋላ ያሉት ክፍተቶች ሙቀት መውጫ ናቸው። እንደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ባለ ሙቀት ቦታ ደግሞ ሌላ ነው፣ በአጭር ጊዜ ቦርዱን ያነድደዋል። አጥፍታችሁ ከቀዘቀዘ በኋላ ለአቧራ ብትሸፍኑት ጥሩ ነው። ለብርዱ ከሰል የምታነዱ ከሆነም ማንደጃው ከኮምፒውተሩ ይራቅ፤ አመዱ ገብቶ ይጋገርበታል።

ጽዳቱ ላይ በረኪና፣ አልኮል፣ የመስኮት ማጽጃ፣ ቤንዚን አይነኩትም። የስክሪኑን ሽፋን ይበሉታል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ነጭ ጥላ አይለቅም። ሶፍትም ይጭራል። አጥፉት፣ የመነጽር መጥረጊያ የመሰለ ለስላሳ ጨርቅ በትንሽ ውሃ አርጥቡ፣ ጨመቅ አድርጉና ሳትጫኑ ጥረጉ። ውሃውን ስክሪኑ ላይ አትርጩ። ወደ ታች ወርዶ ጠርዙ ውስጥ ይገባል።

ፀሐይ ፍለጋ መስኮት ስር መቀመጥ

ብርዱ ስለሚያስቸግር ጠረጴዛችንን ፀሐይ ወደሚገባበት መስኮት እናስጠጋለን። እኔም አደርገው ነበር። መስኮቱ ከጀርባችሁ ከሆነ ብርሃኑ ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል። ከፊታችሁ ከሆነ ደግሞ ዓይናችሁ ከውጭው ብርሃንና ከስክሪኑ መሃል ሲታገል ይውላል። መስኮቱ በጎናችሁ ይሁን። ፀሐዩ ጀርባችሁን ባይመታም ትከሻችሁን ያሞቃል።

ርቀቱ የክንዳችሁን ያህል፣ ከ50 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይናችሁ እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል። አጭር ከሆነ አንድ ሁለት እሽግ የኤ4 ወረቀት ከስሩ አስገቡ። ባለ ሁለት ደረጃ መነጽር የምታደርጉ ግን ዝቅ አድርጉት፣ አለዚያ አንገታችሁን ስትቀልሱ ትውላላችሁ።

ለብራይትነስ ቀላል መለኪያ አለኝ። ዎርድ ላይ ባዶ ገጽ ክፈቱ፣ ነጭ ወረቀት ከጎኑ ያዙ። ስክሪኑ መብራት ከመሰለ ቀንሱ፣ ግራጫ ከመሰለ ጨምሩ። ማታ እንደገና አስተካክሉ። በየ20 ደቂቃውም 6 ሜትር ያህል ራቅ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ እዩ።

ያገለገለ ሞኒተር ሳይፈትሹ መግዛት

ያገለገለ መግዛት ነውር የለውም፣ እኔም ያገለገለ ነው ያለኝ። ግን ፍላሽ ላይ አምስት ምስል ይዛችሁ ሂዱ፦ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ሙሉ ቀይ፣ ሙሉ አረንጓዴ፣ ሙሉ ሰማያዊ። እያንዳንዱን ስክሪኑን ሞልታችሁ ክፈቱ። የሞተ ነጥብ ነጩ ላይ እንደ ዝንብ ኩስ ይታያል። የማይጠፋ ነጥብ ጥቁሩ ላይ ያበራል። ጥቁሩን ስታዩ የሱቁን መብራት አስጠፉ፤ ጠርዝ ላይ ብርሃን የሚያፈስ ከሆነ ያኔ ይለያል። በጣት እየነካችሁ አትፈልጉ፣ በዓይን ብቻ። ከዚያ ቢያንስ 20 ደቂቃ በርቶ ይቆይ። ሲሞቅ ብልጭ ድርግም የሚል ሞኒተር ገና ሲበራ ደህና ነው የሚመስለው። ሻጩ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ፤ ቡና ጠጥታችሁ ተመለሱና እንደገና እዩት።