ከጎንደር ሆኖ ኦፔራን ለብቻ መማር፤ በ«አይዳ» መጀመር

ኦፔራ (በኦርኬስትራ ታጅቦ በዘፈን የሚቀርብ ትያትር) ልማር ብሎ የተነሣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ገና ሲጀምር ነው፤ የታወቁ ዘፈኖችን ከየቦታው ለቃቅሞ ስልኩን ይሞላል። ማን ለማን እንደሚዘፍን ስለማያውቅ ግን በሳምንቱ ይሰለቸዋል። አንድ ኦፔራ ብቻ ያዙ፤ አራት ሳምንት ስጡት።

ለኛ ሰው መጀመሪያ የሚሆነው የጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ የቬርዲ «አይዳ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1871 ካይሮ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። አይዳ ተማርካ በግብፅ ቤተ መንግሥት የምታገለግል የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ታሪኩ ልብ ወለድ ነውና እውነተኛ ኢትዮጵያን አትፈልጉበት። (ኦፔራውን ያሠራው የግብፅ ገዢ ኬዲቭ እስማኤል እ.ኤ.አ. በ1875 እና በ1876 ጦሩን ወደ እኛ ልኮ ጉንደትና ጉራዕ ላይ ምን እንደገጠመው ግን የታወቀ ነው።)

በመጀመሪያ ድምፁን አውርዱ። በሰከንድ በ128 ኪሎቢት ጥራት የተቀዳ ድምፅ በደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ስለሚወስድ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚጠጋው «አይዳ» ከ150 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም። ቪዲዮ በጣም ይበልጣል፤ ለመጨረሻው ገቢር (የኦፔራው ዋና ክፍል) ብቻ አቆዩት። ፋይሎቹን 1-01፣ 1-02 እያላችሁ በገቢርና በተራ ቁጥር ሰይሙ። ዜሮዋን ከተዋችኋት አንዳንድ ማጫወቻ 10ን ከ2 በፊት ያመጣና ራዳሜስ ሳይፈረድበት አይዳ ትሞታለች። አደባልቆ ማጫወቻውንም (ሻፍል) አጥፉት።

የኦፔራው ግጥም የቅጂ መብቱ ስላበቃ ጣሊያንኛው ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ጎን ለጎን በነፃ ይገኛል። በደብተር ለየገቢሩ አንድ ገጽ መድቡና ከላይ ሰዎቹን ከነድምፃቸው ጻፉ፦ አይዳ ሶፕራኖ (ከፍተኛው የሴት ድምፅ)፣ የፈርዖን ልጅ አምኔሪስ ሜዞ ሶፕራኖ (ዝቅ ያለ የሴት ድምፅ)፣ የጦር መሪው ራዳሜስ ቴነር (ከፍ ያለ የወንድ ድምፅ)፣ የአይዳ አባት አሞናስሮ ባሪቶን (መካከለኛ የወንድ ድምፅ)፣ ሊቀ ካህኑ ራምፊስ ባስ (ዝቅተኛው የወንድ ድምፅ)። ጀማሪ የሚምታታበት ሁለቱ ሴቶች አብረው ሲዘፍኑ ነው፤ ወፈር ያለው ድምፅ የአምኔሪስ ነው። በስልክ ስፒከር ብትሰሙ ዝቅተኛው ድምፅ ይጠፋል፤ የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ። ከአዘዞ ፒያሳ በሚመላለስ ታክሲ ውስጥም አይሆንም፤ መክፈቻው እጅግ ቀስ ያለ የቫዮሊን ድምፅ ስለሆነ ሞተሩ ይውጠዋል።

በሳምንት አንድ ገቢር ነው፤ አንዱ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ያለ ሙዚቃ አንብቡት። በሁለተኛው ጣሊያንኛውን በጣታችሁ እየተከተላችሁ ስሙ። በሦስተኛው ወረቀቱን አስቀምጣችሁ ስሙና የጠፋችሁበትን ደቂቃ መዝግቡ፤ በአራተኛው ወደዚያች ቦታ ብቻ ተመለሱ። በአታ ላይ አቋቋም የሚማር ተማሪ የያዘውን ሳያጸና አይሻገርም፤ ይህም እንደዚያው ነው።

አዝማሪ ሲሰማ ያደገ ጆሮ ሰምና ወርቁን ከግጥሙ ይጠብቃል። እዚህ ቃሉ ሰሙ ነው፤ ወርቁን የሚናገረው ኦርኬስትራው ነው። በመክፈቻው ቫዮሊኖቹ የሚያወጧትን ዜማ ያዙ። በአንደኛው ገቢር አይዳ ስትገባ ያቺው ዜማ በክላሪኔት (በትንፋሽ የሚነፋ መሣሪያ) ትመለሳለች፤ ገና አንድ ቃል ሳትናገር ሐዘኗን ሰምታችኋል። ትንሽ ቆይቶ ሕዝቡ ራዳሜስን «ድል አድርገህ ተመለስ» ይለዋል፤ እሷም አብራ ትላለች። ሁሉም ሲወጡ ቃሉን ለብቻዋ ትደግመውና ትደነግጣለች፤ የሚዘምተው በአባቷ ላይ ነዋ! ይህችን ቦታ ሦስት አራት ጊዜ ስሟት።

ዘፋኝ ከዘፋኝ ማወዳደር ስትጀምሩ በአንደኛው ገቢር ያለውን የራዳሜስን «ቼሌስቴ አይዳ» የተባለ ዘፈን ውሰዱ። ቬርዲ የመጨረሻዋን ከፍተኛ ኖታ እየሳሳች እንድትጠፋ አድርጎ ነው የጻፋት። አብዛኞቹ ቴነሮች ግን ይጮኹባታል፤ ያን ከፍታ በቀስታ መያዝ እጅግ ከባድ ነውና። ሦስት ዘፋኝ አውርዱና ያቺን ኖታ ብቻ አስተያዩ።

ከዚያ ወደ ቬርዲ «ላ ትራቪያታ»፣ ቀጥሎ ወደ ፈረንሳያዊው የሙዚቃ ደራሲ ቢዜ «ካርመን» እለፉ። «ካርመን» ላይ ግጥሙና ድምፁ አልገጥም ሊላችሁ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1875 ሲወጣ በዘፈኖቹ መካከል ንግግር ነበረው፤ ቢዜ ከሞተ በኋላ ጊሮ የሚባል ሙዚቀኛ ንግግሩን በዜማ ተካው። ሁለቱም ዛሬ ይሠራሉና ሳታወርዱ በፊት የትኛው እንደሆነ አረጋግጡ፤ ግጥሙንም ከዚያው ዓይነት ፈልጉ።