ሙስካዴን ከጣና አሳ ጋር
ጣና ዳር ካለ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነኝ። ደንበኛ «ለአሳ የሚሆን ነጭ ወይን ምን አለሽ?» ሲለኝ ቀድሞ አፌ ላይ የሚመጣው ሙስካዴ ነው። ከፈረንሳይ ወይኖች ስመ ጥር የሚባለው አይደለም። ለተጠበሰ ቆሮሶ ግን ከእሱ የሚሻል አላውቅም።

ሙስካዴ የሚጠመቀው በምዕራብ ፈረንሳይ፣ በሎዋር ወንዝ መጨረሻ፣ ናንት ከተማ አካባቢ ነው። የወይን ዝርያው ሜሎን ደ ቡርጎኝ ይባላል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1709 የጣለው ብርድ የአገሩን ወይን ሲፈጀው ብርድ የሚችለው ሜሎን ቦታውን ያዘ። ኮምጠጥ ይላል፤ ጣፋጭነት የለውም። ሎሚ ሎሚ፣ አረንጓዴ አፕል፣ ትንሽም ጨው ጨው ይላል። አልኮሉ 12 በመቶ አካባቢ ነው። «ውሃ ውሃ አለኝ» የሚሉኝ አሉ። አሳው እስኪመጣ ይታገሱኝ እላቸዋለሁ።

ስትገዙ «ሱር ሊ» የሚል የተጻፈበትን ፈልጉ። የፈረንሳይን የብርድ ወራት ከእርሾው ዝቃጭ ሳይለይ ከርሞ የታሸገ ማለት ነው፤ ጣዕሙ ወፈር ይላል፣ አንዳንዱም ምላስ ላይ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። ዓመቱ ቅርብ የሆነውን ምረጡ። ሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጠርሙስ ግን በነጻም ቢሰጧችሁ ይቅርባችሁ። ባሕር ዳር ሁልጊዜ ስለማይገኝ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ካላችሁ አስመጡ።

ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ይቀዝቀዝ። ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት ይበቃዋል። መብራት ከጠፋ፣ መቼም ይጠፋል፣ ባልዲ ውስጥ በረዶና ውሃ እኩል አድርጉ፣ አንድ እፍኝ ጨው ጨምሩበትና ጠርሙሱን እስከ አንገቱ ንከሩት። በ20 ደቂቃ ይደርሳል። በረዶ ብርጭቆ ውስጥ መጨመር ግን አይሆንም። ያለውንም ጣዕም ያጠፋዋል።

አሁን ወደ አሳው። ቆሮሶውን ጠዋት ግዙ። ዓይኑ ያበራ፣ ስንጥቡ ቀይ ይሁን፤ ሥጋውን በጣት ስትጫኑት ተመልሶ ይነሳ። ጭንቅላቱን አትቁረጡ። ሁለቱንም ጎን እስከ አጥንቱ ሰያፍ ሰያፍ ብጡት፣ ጨውና ሎሚ አስገቡበት፣ ከላይ ስስ የፉርኖ ዱቄት ነስንሱና በጋለ ዘይት ጥበሱት። የተበጣው ጠርዝ ሲኮማተርና ክንፉ እንደ ቺፕስ ሲሰበር አውጡት። ያ የጠበሳ ዘይት አፍ ላይ ሲቀር ሙስካዴው ጠርጎ ይወስደዋል። በአንዱ እጅ አሳ፣ በሌላው ብርጭቆ፤ ሹካ አያስፈልግም።

አዋዜውንና ዳጣውን ለብቻ በትንሽ ሳህን አቅርቡ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጉርሻ ያለ እነሱ ይቅመስ። በርበሬ ሲበዛ ይህ ወይን ድምፁም አይሰማም። ስለዚህ ለአሳ ጉላሽ አልሰጠውም፤ እሱ ቢራ ይፈልጋል። አሳ ዱለት ከሆነ ወጥ ቤቷን ሚጥሚጣ ቀንሺ እላታለሁ። አምባዛ ስቡ ስለሚበዛ ፍም ላይ ተጠብሶ ሎሚ ሲጨመቅበት ይስማማዋል። የቲማቲም ሰላጣም ቃሪያው ካልበዛ ጥሩ ነው። የናንት ሰዎች ከኦይስተርና ከሌላ ባለ ዛጎል የባሕር ምግብ ጋር ይጠጡታል። የእኛ ሐይቅ ጨው የለውም፣ ስለዚህ አሳው ላይ ጨው አትሰስቱ።

ሙስካዴ ከታጣ ሪፍት ቫሊ ሻርዶኔ የሚባለው የዝዋይ ነጭ ወይን አለ። ሻርዶኔና ሜሎን እኮ ወንድማማቾች ናቸው፤ በዘረመል ምርመራ ሁለቱም ፒኖና ጉዌ ብላን ከሚባሉ የወይን ዝርያዎች መወለዳቸው ታውቋል። ሻርዶኔው ሞላ ያለ ነው፣ አዋዜም ትንሽ ይችላል።

ከተረፈ ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ አስገቡት። በማግስቱ ይጠጣል። ከዚያ ካለፈ አሳ ቀቅሉበት።